በጣና ዳር ለሚኖር የቤት መኪና፦ ከመቆማችሁ በፊት መሬቱን እዩ
ዓመቱን ሙሉ በቤት መኪና፣ ማለትም እንደ ቤት በሚኖሩበት ትልቅ መኪና፣ የምትኖሩ ወይም ይህን ኑሮ በባሕር ዳር ለመጀመር የምታስቡ ሁሉ፣ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የጣና ዳርቻ ሜዳ በበጋ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢመስል፣ ብዙው ቦታ ጥቁር ዋልካ አፈር በመሆኑ በክረምቱ ዝናብ ርሶ ይለሰልሳል፤ ከ10 ቶን በላይ የሚመዝን ትልቅ የቤት መኪናም በገዛ ክብደቱ ይሰምጥበታል። የእኔ መኪና የኋላ ጎማ በአንድ ሌሊት ዝናብ እስከ ቸርኬው ሰምጦ በትራክተር ተጎትቶ ነው የወጣው።

ስለዚህ ጠጠር የለበሰ ከፍ ያለ ቦታ ምረጡ፤ መኪናውን በሚያስተካክሉት የብረት እግሮች ሥር ደግሞ፣ ክብደቱ በሰፊው እንዲያርፍ፣ ወፍራምና ሰፊ ሳንቃ አንጥፉ። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ እንደሚመዝን በማስታወስ፣ 400 ሊትር የሚይዘውን ታንከር በለስላሳ መሬት ላይ ሳላችሁ አትሙሉት። ያገለገለውን ውኃ ግን፣ ለማቅለል ብላችሁ እንኳ፣ ወደ ሐይቁ ፈጽሞ አትልቀቁ፤ ዓሣ አስጋሪውም ገበሬውም የሚኖረው በእርሱ ነው። የሐይቁ ውኃ ከፍ የሚለው በክረምቱ መውጫ፣ በመስከረም አካባቢ በመሆኑ፣ ዝናቡ አባርቷል ብላችሁ ወደ ዳሩ ለመጠጋት አትቸኩሉ።