ፒኤ ለመሆን የትኛውን የትምህርት መንገድ ልያዝ?

አሜሪካ ውስጥ ፊዚሽያን አሲስታንት፣ በተለምዶ ፒኤ የሚባለው፣ በሽተኛ የሚመረምር፣ ላብራቶሪና ራጅ የሚያዝ፣ መድኃኒት የሚጽፍ ባለሙያ ነው። ለሀገር ቤት ሰው ለማስረዳት ከጤና መኮንን ጋር ማነጻጸር ይቀላል። ሙያው እንደ ፈረንጆቹ በ1965 በዱክ ዩኒቨርሲቲ አራት የቀድሞ የባሕር ኃይል የሕክምና ረዳቶችን ተቀብሎ ተጀመረ። ዛሬ መግቢያው አንድ በር ብቻ ነው፤ እሱም ኤአርሲ-ፒኤ የተባለው ተቋም እውቅና የሰጠው ፕሮግራም ነው። ከዚያ ያልተመረቀ ሰው ለሥራ ፈቃድ የሚያስፈልገውን፣ ፓንስ የሚባለውን ብሔራዊ ፈተና መፈተን አይችልም። ሀገር ቤት ሐኪም ወይም ጤና መኮንን ለነበረም አቋራጭ የለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጀመሪያ ኮርስ መውሰድ ጀምሮ ኋላ ፕሮግራም ሲፈልግ ነው። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። አምስት ወይም ስድስት ፕሮግራም ይምረጡ፤ በአንድ ወረቀት ላይ እያንዳንዱ የሚጠይቀውን ጎን ለጎን ይጻፉ፦ የትኞቹን ኮርሶች፣ ከስንት ዓመት ወዲህ የተወሰዱ፣ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክሬዲት ይቀበላል ወይ፣ በኦንላይን የተወሰደ ላብራቶሪስ? አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቁት አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ከነላብራቶሪው፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ጠቅላላ ኬሚስትሪ፣ ስታቲስቲክስና ሳይኮሎጂ ናቸው፤ ብዙዎቹ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ወይም ባዮኬሚስትሪ ይጨምራሉ። ለነርሲንግ ተማሪዎች የሚሰጠው ቀለል ያለ ኬሚስትሪ በብዙ ቦታ አይቆጠርም፤ ከመመዝገብዎ በፊት የኮርሱን ቁጥር ልከው ፕሮግራሙን በኢሜይል ይጠይቁ፣ መልሱንም ያስቀምጡ። ወደዚህ የድህረ ምረቃ ፕሮግራም ለመግባት የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ዲግሪ ግን በምንም የትምህርት ዘርፍ ቢሆን ችግር የለውም።

ዲግሪዎ ከኢትዮጵያ ከሆነ እንደ ደብሊውኢኤስ ባለ ተቋም እያንዳንዱ ኮርስ ተዘርዝሮ መገምገም አለበት፤ ጥቅል ግምገማ አይበቃም። እንዲያም ሆኖ ብዙ ፕሮግራሞች የሳይንስ ኮርሶቹ አሜሪካ ውስጥ እንዲወሰዱ ይፈልጋሉ። ስምዎንም ልብ ይበሉ። ትራንስክሪፕቱ ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ሰፍሮ ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም ከሌለ፣ ወይም የእንግሊዝኛው አጻጻፍ በአንድ ፊደል ከተለያየ፣ ፋይሉ እዚያው ሊቆም ይችላል።

ውጤት ላይ ዝቅተኛው ጂፒኤ በብዙ ቦታ 3.0 ነው። ማመልከቻው የሚገባበት ካስፓ የተባለው ሥርዓት ግን የተደገመን ኮርስ አይሰርዝም፤ ሁለቱንም ውጤት ይቆጥራል። ባለ 4 ክሬዲት ኬሚስትሪ በመጀመሪያ ሲ፣ በድጋሚ ኤ ቢያመጡ ኮሌጅዎ ኤ ብቻ ሊያሳይ ይችላል፤ በካስፓ ስሌት ግን 8 ክሬዲት በ3.0 ነው። ስለዚህ ሴሚስተሩ እየከበደ ከመጣ፣ ኮርሱን ማቋረጫው ቀን ሳያልፍ መወሰን ይሻላል።

ከዚያ የሥራ ሰዓት ይመጣል። ፕሮግራሞች ከ500 እስከ 2,000 እና ከዚያ በላይ ሰዓት በሽተኛን በቀጥታ የመንከባከብ ልምድ ይጠይቃሉ፤ ምንም የማይጠይቁም አሉ። በሳምንት 20 ሰዓት የሠራ በ50 ሳምንት 1,000 ሰዓት ይሞላል። ነርስ ረዳት፣ አምቡላንስ ላይ የሚሠራ ኢኤምቲ፣ ሜዲካል አሲስታንት ወይም ደም ቀጂ ሆኖ የተሠራ ሰዓት ብዙ ጊዜ ያለ ጥያቄ ይቆጠራል። የብዙ ወገኖቻችን ሥራ የሆነው ሆም ኬር ግን አንዱ ጋ ሲቆጠር ሌላው ጋ አይቆጠርም፤ ምግብ ማብሰልና ማጽዳት ብቻ ከሆነ ተስፋ አይጣልበት። አስተርጓሚነትም ጠቃሚ ልምድ ቢሆንም በዚህ መደብ አይገባም።

ፕሮግራም ሲመርጡ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው የእውቅናው ዓይነት ነው፤ ጊዜያዊ ወይስ የጸና፣ ወይስ በማስጠንቀቂያ ላይ ያለ? ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ በድረ ገጹ የማውጣት ግዴታ ያለበት የፓንስ ማለፊያ ሪፖርትና ያቋረጡ ተማሪዎች ሠንጠረዥ ነው። ያለፉት መቶኛ ከፍ ያለ ሆኖ ያቋረጡትም ከበዙ፣ ደካማው ተማሪ ለፈተናው ሳይደርስ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ትምህርቱ በአብዛኛው 27 ወር ያህል ነው፤ ግማሹ ክፍል ውስጥ፣ ቀሪው በሆስፒታል። ሥራ ይዞ መማር አይቻልም ብለው ያስቡ፤ ብዙዎቹም ይከለክላሉ። ለአዲስ ተበዳሪ ግራድ ፕላስ የተባለው የፌዴራል ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የቀረ በመሆኑ፣ ተራው የድህረ ምረቃ የፌዴራል ብድር ጣሪያ በዓመት 20,500 ዶላር ነው። ፕሮግራሙ በዚህ ጣሪያ ሥር ወይስ ለሙያ ዲግሪዎች በተፈቀደው ከፍ ያለ ጣሪያ ሥር እንደሚያርፍ የትምህርት ቤቱን የብድር ክፍል በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ለሚጎድለውም ቀድመው ያስቡ። አስቀድሞ አርኤን (ፈቃድ ያለው ነርስ) የሆነና ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ግን ነርስ ፕራክቲሽነር ቢመርጥ ይሻለዋል ባይ ነን፤ እየሠሩ የሚማሩበት ፕሮግራም ብዙ ነውና።

ካስፓ በየዓመቱ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ይከፈታል። ብዙ ፕሮግራሞች ማመልከቻ እንደደረሰ እያዩ ቃለ መጠይቅ ስለሚጠሩ፣ የመዝጊያውን ቀን መጠበቅ ወንበር ያሳጣል። የሀገር ቤት ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲው ወጥቶ ገምጋሚው ጋ እስኪደርስ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ጥያቄውን ከማመልከትዎ በፊት ባለው መኸር ያስገቡ፤ ሬጅስትራር ቢሮው ድረስ በአካል የሚመላለስ ሰውም ይወክሉ።