ኩባያን ወደ ግራም ስትቀይሩ

ሰሞኑን አንዲት ልጅ «ድፎዬ ድንጋይ ሆነብኝ፤ ዱቄቱን እኮ በሚዛን ነው የለካሁት» አለችኝ። ስንት ግራም እንዳደረገች ጠየቅኳት። «4 ኩባያ ይላል፤ አንድ ኪሎ አደረግኩ» አለች።

ይህን ስህተት ስንቴ እንዳየሁት! 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ 250 ግራም የሚሆነው ውሃ ሲሞላ ነው። ዱቄት በመሃሉ አየር አለው። 4 ኩባያ ፉርኖ ዱቄት ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ልጅቷ ዱቄቱን እጥፍ አድርጋ ውሃውንና እርሾውን እንዳለ ተወችው። ታዲያ ሊጡ በምን ይነሳ? እባካችሁ ለሁሉም ነገር አንድ ቁጥር አትያዙ። በአሜሪካኖቹ ኩባያ፣ ማለትም በ240 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ፉርኖ ዱቄት ከ120 እስከ 130 ግራም ይመዝናል። ስኳር 200 ግራም ነው። ደቃቅ ጨው ከ270 ይበልጣል።

እኔም ጀማሪ ሳለሁ ለገና 8 ኩባያውን 2 ኪሎ ብዬ አቡክቻለሁ። እናቴ ሊጡን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ «ልጄ፣ ይሄ ሊጥ እኮ ጠምቶታል» አለችኝ። ውሃ ጨመርኩበት፤ እርሾው ግን አልበቃውም። በዓሉን የዋልነው በተገዛ ዳቦ ነው።

ሁለተኛው የሲኒ ነገር ነው። እናቶቻችን «አንድ ሲኒ» ሲሉ የቡና ሲኒ ማለታቸው ነው። የኔ ሲኒ 75 ግራም ውሃ ይይዛል፤ የኩባያ ሲሶ እንኳ አይሞላም። አሜሪካ ያለች ዘመዴ የእናቷን በርበሬ ስታዘጋጅ «2 ሲኒ ጨው» የሚለውን በ2 ኩባያ ለካችው። ያ ሁሉ የተቀነጠሰ፣ የተደለዘ በርበሬ አፍ ላይ የማይቀመጥ ሆነ። ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃውን ለዩ። ባዶውን ሚዛን ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉ፤ ከዚያ ውሃ ሙሉበት። የወጣው ግራም ዕቃው የሚይዘው ሚሊ ሊትር ነው።

ዱቄትን በኩባያው ከከረጢት አትዛቁ። ሲዛቅ ይጠቀጠቃል፤ 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። በማንኪያ እያደረጋችሁ ሙሉት፤ አትምቱት፤ አፉን በቢላ ጀርባ ጠረግ አድርጉ። «የተነፋ ዱቄት 1 ኩባያ» እና «1 ኩባያ ዱቄት፣ ከዚያ ይነፋ» አንድ እንዳልሆኑም አስተውሉ። የመጀመሪያው ይቀላል።

ደቃቁንና ሸካራውን ጨው በአንድ ቁጥር አትቀይሩ።

ደረቅ እርሾን በሻይ ማንኪያ ለኩ እንጂ ወደ ግራም አትቀይሩ። አንድ የሻይ ማንኪያ 3 ግራም ገደማ ነው። በ1 ግራም እየዘለለ የሚያነብ የወጥ ቤት ሚዛን ለዚህ አይታመንም።

ሽሮና በርበሬ ላይ ደግሞ የሰው ሰንጠረዥ አትፈልጉ። ከወፍጮ ቤት ትኩስ የመጣው ሽሮ ነፋ ያለ ነው፤ ዕቃ ውስጥ ሲሰነብት ወደ ታች ይረጋል። አንዱ ቤት ላም ብሎ ይፈጫል፣ ሌላው ሸካራ ነው። የራሳችሁን በራሳችሁ ሲኒ ሦስት ጊዜ መዝኑና መካከለኛውን ያዙ። እኔ የወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ በእርሳስ ጽፌዋለሁ፦ የእናቴ ሲኒ፣ ሽሮ፣ 38 ግራም።