ከሳምንት ቆጠራ ወደ ዓመታዊ አማካይ የቀን ትራፊክ፦ በየዓይነቱ ማስላት ለምን ግድ ይላል?

ዓመታዊ አማካይ የቀን ትራፊክ፣ መሐንዲሶች ኤኤዲቲ የሚሉት ቁጥር፣ ትርጉሙ ቀላል ነው፤ በዓመቱ ውስጥ በሁለቱም አቅጣጫ ያለፈው ተሽከርካሪ ተደምሮ ለ365 ይካፈላል። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚቆጥር ሰው የለም። በእጃችን የሚገባው የአንድ ሳምንት ቆጠራ ነው፤ እሱም ቢሆን አብዛኛው የቀን ብርሃን ሰዓት ብቻ። ስለዚህ ሥራው ሦስት ደረጃ አለው፦ የ12 ሰዓቱን ወደ 24 ሰዓት ማሳደግ፣ ሰባቱን ቀን ወደ አንድ አማካይ ቀን ማምጣት፣ ከዚያም ሳምንቱን ወደ ዓመት መለወጥ። ሦስቱም ደረጃዎች ለእያንዳንዱ የተሽከርካሪ ዓይነት ለየብቻ ይሠራሉ። ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም በአንድ ላይ ተደምሮ በአንድ ማባዣ ይባዛል። ድምሩ ትክክል ሆኖ ዝርዝሩ ስህተት ሊሆን እንደሚችል ከታች በቁጥር እናሳያለን።

ቦታው

የቆጠራ ጣቢያው የመንገዱን ክፍል መወከል አለበት። ከተማ ውስጥ ከቆጠራችሁ ባጃጁና የሰፈር ሚኒባሱ አንድ ቀን ውስጥ አሥር ጊዜ ይመላለስባችኋል። ከከተማው ጫፍ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ወጣ በሉ፤ ከመገንጠያ፣ ከነዳጅ ማደያና ከመናኸሪያም ራቁ። ኬላ አጠገብ መኪና ስለሚቀዘቅዝ ለመለየት ይመቻል፤ ነገር ግን ተሰልፎ የቆመ መኪና ሁለቴ እንዳይቆጠር በመንገዱ ላይ አንድ መስመር ምረጡ። የመኪናው የፊት ጎማ ያን መስመር ሲያልፍ ብቻ ሰረዝ ይደረጋል።

በመካከሉ ትልቅ ከተማ ወይም ዋና መገንጠያ ካለ መንገዱ አንድ ክፍል አይደለም። ከመገንጠያው ወዲህና ወዲያ ሁለት ጣቢያ ያስፈልጋል።

ቅጹ

በአገራችን የተለመደው ቅጽ ስምንት ዋና ምድብ አለው፦ አውቶሞቢል፣ ላንድክሩዘርና ፒክአፕ፣ አነስተኛ አውቶቡስ፣ ትልቅ አውቶቡስ፣ ቀላል ጭነት፣ መካከለኛ ጭነት፣ ከባድ ጭነት፣ ተሳቢ። ቆጣሪዎች ግን መኪናን የሚያውቁት በመንገድ ስሙ ነው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት በቅጹ ጀርባ ላይ ጻፉላቸው፦ ሃይሩፍ፣ ዶልፊንና አባዱላ የት እንደሚገቡ፤ ቅጥቅጥ የት እንደሚገባ፤ አይሱዙ ኤንፒአርና ኤፍኤስአር በየትኛው ምድብ እንደሚለያዩ፤ ሲኖትራክ ገልባጭና ነጠላ ቦቴ ከባድ ጭነት መሆናቸውን፤ ተሳቢ የሚጎትት ቦቴ ግን ተሳቢ መሆኑን። ከሁሉም በላይ የሚምታቱት ቅጥቅጥና ኤፍኤስአር ናቸው፤ የቀንና የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች በተለያየ ምድብ ካስገቧቸው የሌሊት ማባዣው፣ ማለትም የ12 ሰዓቱን ቆጠራ ወደ 24 ሰዓት የሚያሳድገው ቁጥር፣ ትርጉም ያጣል። ተሳቢውን ከነጎታቹ እንደ ሁለት መኪና የሚቆጥርም አለ።

ባጃጅና ሞተር ሳይክል የራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው። ለአስፋልት ውፍረት ስሌት አይገቡም፤ ለመንገድ ስፋትና ለደኅንነት ግን ያስፈልጋሉ። ጋሪ፣ እግረኛና ከብት በሌላ ወረቀት ይመዘገባሉ።

ለእያንዳንዱ አቅጣጫ የተለየ ወረቀት፣ ለእያንዳንዱ ሰዓት የተለየ ረድፍ ይዘጋጅ። አራት ቁም ሰረዝ፣ አምስተኛው በላያቸው ተጋድሞ። አቅጣጫን መለየት በተለይ በጅቡቲ መስመር ዋጋ አለው፤ ከወደብ ወደ መሃል አገር የሚመጣው ሞልቶ፣ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ቀልሎ ወይም ባዶውን ስለሚሄድ የአንዱ ወገን ንጣፍ ቀድሞ ይጎዳል።

ሰዓት ሲጻፍ የአገር ውስጥ አቆጣጠር ብቻ ይሁን፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት። አንዱ ፈረቃ በሀበሻ፣ ሌላው በስልኩ የፈረንጅ ሰዓት ከጻፈ ስድስት ሰዓት ይዛነፋል፤ ስህተቱም ቢሮ ሲደርስ አይታወቅም። ቀኑን ግን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። የ2016 በጀት ዓመት ቆጠራ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጋር ተምታቶ ስምንት ዓመት የእድገት ምጣኔ ሲታሰብበት ውጤቱ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

መቼ፣ ስንት ቀን

ሰባት ተከታታይ ቀን። የአንድ ቀን ቆጠራ ስህተቱ ትልቅ ነው፤ ቀኑ በጨመረ ቁጥር እስከ ሰባት ድረስ በፍጥነት ይቀንሳል፣ ከዚያ በኋላ የሚገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። ለገጠር መንገድ ደግሞ ሳምንቱ ሙሉ መሆኑ የገበያውን ቀን ይይዛል። የሐሙስ ገበያ ያለበትን መንገድ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ብቻ የቆጠረ ሰው መንገዱን አላየውም። ሳምንት ሙሉ ካልተቻለ አንድ ተራ ቀን፣ የገበያውን ቀን፣ ቅዳሜንና እሑድን ቆጥራችሁ ተራውን ቀን በ4 አባዙ፣ ሌሎቹን ደምሩና ለ7 አካፍሉ።

ከሰባቱ ቢያንስ ሁለቱ ቀን 24 ሰዓት ይቆጠሩ፤ አንዱ ከሥራ ቀን፣ ሌላው ከቅዳሜና እሑድ። ቀሪዎቹ 12 ሰዓት ይበቃቸዋል፤ 16 ሰዓት ከተቻለ ይሻላል። ሌሊቱን መተው አይቻልም፤ በአፋር በረሃ በኩል ብዙ ከባድ መኪና ሙቀቱን ሸሽቶ የሚጓዘው በማታ ነው።

በዓል ያለበትን ሳምንት ዝለሉ፦ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ኢዶቹ፣ እንቁጣጣሽ። አንዳንዱ በዓል ደግሞ የአንድን መስመር ትራፊክ ብቻ ይገለብጣል። የመስቀል ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራና ወልቂጤ፣ የእሬቻ ሰሞን ወደ ቢሾፍቱ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ የሚወስደው መንገድ ላይ የተገኘ ቁጥር ዓመቱን አይወክልም። የነዳጅ እጥረት፣ የድልድይ መዘጋት፣ የጸጥታ ችግር ያለበት ሳምንትም እንደዚያው ነው፤ ሌላ መንገድ ተዘግቶ የመጣ ትራፊክ ደግሞ መንገዱ ሲከፈት ይመለሳል።

የቡና መሰብሰቢያ ወራት ግን ሌላ ነገር ነው። በጅማ ወይም በይርጋጨፌ ከጥቅምት እስከ ጥር የሚንቀሳቀሰው ጭነት የዓመቱ እውነተኛ አካል ስለሆነ ሊታለፍ አይገባም፤ ለብቻው ተቆጥሮ በሚቆይባቸው ወራት ልክ ወደ ዓመቱ ይገባል።

ቁጥሩን ከማመን በፊት

ወረቀቱ ቢሮ ሳይሆን ጣቢያው ላይ ሳለ ይመርመር። በሳምንቱ ውስጥ የሄደና የመጣ ድምር ከሞላ ጎደል ይቀራረባል፤ ከ10 በመቶ በላይ ከተለያየ ምክንያት ይፈለግለት። ሰዓቱ ሁሉ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው፣ ቁጥሩ በ5 እና በ10 ብቻ የሚያልቅ፣ ሰረዝ ሳይኖረው ድምር ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ተቀምጦ የተሞላ ነው። በተለይ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ያለውን እዩት። ቆጣሪው የሚደክምበት ሰዓት ነውና የአንድ ፈረቃ ርዝመት ከስምንት ሰዓት አይብለጥ፤ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ የእጅ ባትሪና ከቀበሌው ጋር የተነጋገሩበት ጥበቃ ይኑር። ሰው ካልተመቸው ቁጥር አያመጣም።

አንድ ሰዓት ከጎደለ ከሌላ ተመሳሳይ ቀን የዚያኑ ሰዓት ቁጥር ውሰዱ፤ የቀኑን አማካይ አትሙሉበት። ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከጎደለ ያ ቀን ይደገም።

ስሌቱ

ለምሳሌ ያህል በተፈጠሩ ቁጥሮች ሁለት ዓይነት ብቻ እንውሰድ፤ የሁለቱ አቅጣጫ ድምር ናቸው። ማክሰኞና ቅዳሜ 24 ሰዓት ተቆጥሯል።

ሚኒባስ በ12 ሰዓት፦ ሰኞ 310፣ ማክሰኞ 300፣ ረቡዕ 290፣ ሐሙስ 420፣ ዓርብ 305፣ ቅዳሜ 380፣ እሑድ 260። በ24 ሰዓት ማክሰኞ 360፣ ቅዳሜ 475።

ተሳቢ በ12 ሰዓት፦ 90፣ 80፣ 84፣ 86፣ 82፣ 60፣ 50። በ24 ሰዓት ማክሰኞ 152፣ ቅዳሜ 120።

የሌሊት ማባዣ ማለት የ24 ሰዓቱ ቁጥር ለዚያው ቀን የ12 ሰዓት ቁጥር ሲካፈል ነው። ለሚኒባስ በሥራ ቀን 360 ለ300፣ ማለትም 1.20፤ በቅዳሜና እሑድ 475 ለ380፣ ማለትም 1.25። ለተሳቢ 1.90 እና 2.00። ተሳቢው ግማሽ ያህሉ በሌሊት ያልፋል ማለት ነው። እያንዳንዱን ቀን በማባዣው አባዝታችሁ፣ 24 ሰዓት የተቆጠረውን ቀን እንዳለ ወስዳችሁ ለ7 ስታካፍሉ የሳምንቱ አማካይ ሚኒባስ 393፣ ተሳቢ 146 ይሆናል። ድምር 539።

አሁን ያንኑ በአንድ የጋራ ማባዣ እንሥራው። የማክሰኞ ጠቅላላ 512 ለ380 ሲካፈል 1.35 ግድም ነው፤ ቅዳሜም 595 ለ440 እንዲሁ 1.35 ግድም። ውጤቱ ሚኒባስ 425፣ ተሳቢ 114። ድምሩ አሁንም 539! ማንም ድምሩን አይቶ ስህተቱን አያገኘውም። ነገር ግን በየቀኑ 32 ተሳቢ ጠፍቶ በምትኩ 32 ሚኒባስ ገብቷል። በዓመት 11,680 ተሳቢ ነው።

ይህ ለምን ይከብዳል? አክስል ማለት የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘው ዘንግ ነው። የንጣፍ ጉዳት የሚለካው በመደበኛ አክስል፣ ማለትም 8.16 ቶን በተጫነበት አክስል፣ ነው፤ የአንድ አክስል ክብደት ለ8.16 ቶን ተካፍሎ ውጤቱ በ4.5 ፓወር ከፍ ይላል። 10 ቶን የተጫነበት አክስል 2.5 መደበኛ አክስል ያህል ይጎዳል፤ 13 ቶን ከሆነ ከ8 ይበልጣል። የሚኒባስ አክስል ጉዳት ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ከላይ ባለው ስህተት የሚነደፈው አስፋልት ለቀለለ መንገድ የሚሆን ነው፤ ቀድሞ ይሰነጠቃል፣ ቀድሞም ይሰረጉዳል።

ከሳምንት ወደ ዓመት

የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር፣ በቀድሞ ስሙ ባለሥልጣን፣ በፌዴራል መንገዶች መረብ ላይ በዓመት ሦስት ዙር ቆጠራ ያካሂዳል። የእናንተ ጣቢያ አንድ ዙር ብቻ ከሆነ ወቅታዊ ማባዣውን ከቅርብ መደበኛ ጣቢያ ተዋሱ። የሦስቱ ዙር አማካይ እናንተ ለቆጠራችሁበት ዙር ቁጥር ይካፈላል፤ አሁንም በየዓይነቱ።

ምሳሌውን እንቀጥል። ጎረቤት ጣቢያ ላይ ሚኒባስ በየካቲት 410፣ በሐምሌ 340፣ በኅዳር 450 ነበር እንበል። አማካዩ 400 ነው፤ ለ450 ሲካፈል 0.89። እናንተ የቆጠራችሁት በኅዳር ከሆነ 393 በ0.89 ተባዝቶ 350 ይሆናል። ተሳቢው 160፣ 120፣ 140 ከሆነ አማካዩ 140 ስለሆነ የኅዳር ማባዣው 1.00 ነው፤ 146 እንዳለ ይቆያል።

ጎረቤት ሲባል በካርታ የሚቀርበው ሁሉ አይደለም። የጅቡቲን መስመር ማባዣ ለወረዳ ጠጠር መንገድ መስጠት አይቻልም፤ ጠጠሩ በክረምት አውቶቡስ ላያሳልፍ ይችላል፣ አስፋልቱ ግን ያሳልፋል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክፍያ የሚያገለግለው የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ የየቀኑ የክፍያ መዝገብ ለዚያ አካባቢ ግሩም ምንጭ ነው፤ ሆኖም የክፍያ ምድቦቹን ከቅጹ ምድቦች ጋር አስቀድማችሁ አዛምዱ። ማባዣ በኢትዮጵያ ወር የምትሠሩ ከሆነ ጳጉሜን ለብቻዋ አታስቀምጧት፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ናት፣ ላይዋም የአዲስ ዓመት ጉዞ አለባት። ከነሐሴ ጋር ደምሯት።

ቆጠራው ያለፈ ዓመት ከሆነ እድገቱ የሚጨመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወቅታዊ ልዩነትን እንደ እድገት አትቁጠሩ፤ የሐምሌን ቁጥር ከኅዳር ቁጥር ጋር አነጻጽሮ «ትራፊኩ አደገ» ማለት ስህተት ነው።

በጎማ ቱቦ የሚቆጥር መሣሪያ ካላችሁ አንድ ነገር አስታውሱ፤ አብዛኛው ቀላል መሣሪያ አክስል ቆጥሮ ለሁለት ያካፍላል። ከ100 ተሽከርካሪ 70ው ባለ 2፣ 10ሩ ባለ 3፣ 20ው ባለ 6 አክስል ቢሆኑ 290 አክስል ያልፋል፤ መሣሪያው 145 ያሳያል። ማስተካከያው 100 ለ145፣ ማለትም 0.69 ነው። ይህን የምታገኙት ጥቂት ሰዓት በእጅ ቆጥራችሁ ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ የሌሊት ሰዓት ይኑርበት።

ውጤቱን ስትጽፉ ወደ ቅርብ 5 ወይም 10 አጠጋጉት፤ ሚኒባስ 350፣ ተሳቢ 145። 349.3 ብሎ መጻፍ ቆጠራው የሌለውን ትክክለኛነት መስጠት ነው። ከሠንጠረዡ ሥር የቆጠራው ቀናት፣ የገበያ ቀኑ፣ የዝናብ ሁኔታው፣ የሌሊት ማባዣው በየዓይነቱ፣ ወቅታዊ ማባዣው የተወሰደበት ጣቢያ ስም ይጻፍ። የሰረዙ ወረቀትም አይጣል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ መንገዱ ያለ ጊዜው ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።