አልማዝ ውስጥ ጥቁር ነጥብ ሲታይ የሚሠሩ ስህተቶች

ድሬዳዋ ከጅቡቲና ከዱባይ የሚመጣ ዕቃ የለመደች ከተማ ናት። የአልማዝ ቀለበት ይዞ ወርቅ ቤት የሚገባ ሰውም አይጠፋም፤ በማጉያ መነጽር አይቶ ጥቁር ነጥብ ካገኘ ግን «ተታለልኩ» ለማለት ይቸኩላል።

የመጀመሪያው ስህተት ነጥቡን «ሳይለወጥ የቀረ ከሰል» ማለት ነው። አልማዝ ከከሰል አይሠራም። አብዛኛው የሚፈጠረው ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ሲሆን፣ ሲያድግ አጠገቡ ያገኘውን ማዕድን በሆዱ ይዞ ይቀራል። ጥቁሩ ግራፋይት (በእርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ካርቦን) ሊሆን ይችላል፤ የብረትና የድኝ ውህድ ወይም ክሮማይት የተባለ ጥቁር ማዕድንም ሊሆን ይችላል። ጋርኔት የተባለ ቀይ ማዕድን የያዘም አለ። ነጋዴ ዋጋ የሚቀንስበትን ጉድፍ የሥነ ምድር ተመራማሪ አጥብቆ ይፈልገዋል፦ በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው፣ ብራዚል በተገኘ አልማዝ ውስጥ የታየው፣ ሪንግዉዳይት የተባለ የጥልቅ ምድር ማዕድን ቅንጣት ከምድር ጥልቅ የውሃን ምልክት ይዞ መጥቷል።

ነጥቦችን ቆጥሮ መፍረድም አያዋጣም። ከላይኛው ጠፍጣፋ ገጽ ሥር፣ መሃል ላይ የተቀመጠች አንዲት ነጥብ በታችኞቹ ገጾች እየተንጸባረቀች ብዙ ትመስላለች፤ ጠርዝ ላይ ያለችውን ግን ድንጋዩን የያዘው የወርቁ ጥፍር ይሸፍናታል። እኔ ከጥቁሩ ይልቅ የምፈራው ጠርዝ ድረስ የዘለቀ ነጭ ስንጥቅ ነው። አልማዝ በቀላሉ አይጫርም እንጂ ይሰነጠቃል፤ ጥፍሩ ሲጫነው ሊፈረከስ ይችላል።

ጥርት ያለውን ሁሉ እውነተኛ፣ ጉድፍ ያለውን ሁሉ የተፈጥሮ ማለት ሌላው ስህተት ነው። ኩቢክ ዚርኮኒያ የተባለው ሰው ሠራሽ አልማዝ መሳይ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ እንከን አይታይበትም። በላብራቶሪ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት የተሠራ አልማዝ ደግሞ ጥቁር የሚመስል የብረት ቅንጣት ሊኖረው ይችላል። ድንጋዩ ሙቀት እንዴት እንደሚያስተላልፍ የሚለካው መመርመሪያም ሞይሳናይት የተባለውን ሌላ አልማዝ መሳይ ድንጋይ «አልማዝ» ብሎ ያሳልፋል።

የከፋው ስህተት ግን ሳይጠይቁ ቀለበቱን ለማስፋት እሳት ማስነካት ነው። አንዳንድ አልማዝ ጥቁሩ በሌዘር ተበስቶ በአሲድ ይነጣል፤ የአንዳንዱም ስንጥቅ መስታወት በመሰለ ነገር ይሞላል። ድንጋዩን ሲያዘነብሉት ከስንጥቁ ብርቱካናማ ወይም ሰማያዊ ብልጭታ ከወጣ ሙሌት መኖሩን ይጠርጥሩ። የወርቅ ሠሪው ነበልባል ይህን ሙሌት ያበላሸዋል፤ ስለዚህ «ድንጋዩን አውጥተው ይሥሩልኝ» ይበሉ። ያልተሞላ አልማዝም ቢሆን አየር ባለበት ከፍተኛ ሙቀት ገጹን ሊያደበዝዘው ስለሚችል፣ ጠንቃቃ ባለሙያ አስቀድሞ ቦሪክ አሲድ ይቀባዋል።