ነጠላ፣ ማማሰያና አንድ ጀሪካን ውሃ፦ ጎንደር ላይ አምቡላንስ እስኪደርስ

907 ብላችሁ ስትደውሉ የቀይ መስቀል አምቡላንስን ታገኛላችሁ። ጎንደር ውስጥ ግን የቤት ቁጥር ለሹፌሩ ብዙም አይጠቅመውም፤ «ማራኪ ነን» ወይም «አዘዞ ነን» ማለትም አይበቃም። በቅርብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ከዚያ መታጠፊያውን፣ ከዚያ የበሩን ቀለም ተናገሩ። አንድ ሰው ስልክ ይዞ ዋናው መንገድ ላይ ይቁም፤ ማታ ከሆነ የስልኩን መብራት አብርቶ። እስከዚያ ጎረቤቱ ቅቤም የተፈጨ ቡናም ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ሁለቱንም በትሕትና መልሱ።

ቃጠሎ

የፈላ ውሃ፣ የወጥ ድስት ወይም የተገለበጠ ጀበና ያቃጠለው ቆዳ ከእሳቱ ከተለየም በኋላ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ጉዳቱም ወደ ውስጥ ይገፋል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ማቀዝቀዝ ነው፤ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሙሉ 20 ደቂቃ። ውሃ የጠፋ ዕለት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃችኋል። በየደቂቃው አንድ ሊትር ጆግ ቀስ አድርጋችሁ ብታፈሱበት ጀሪካኑ ሲያልቅ ጊዜውም ይሞላል። ብዙ ሰው 2 ደቂቃ አፍስሶ «በቃ በረደለት» ይላል፤ ሕመሙ ወዲያው የሚመለሰውም ለዚህ ነው። ዘግይታችሁ ብትደርሱም፣ ከተቃጠለ 3 ሰዓት እስኪሞላው ድረስ ማቀዝቀዝ መጀመሩ ይጠቅማል።

ውሃውን እያፈሰሳችሁ ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት አውልቁ፤ እጁ ካበጠ በኋላ አይወጡም። ልብሱንም አውልቁ፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ግን አትንኩት። የጎንደር ውሃ በተለይ ማታ ይቀዘቅዛልና ሕፃን ከሆነ የተቃጠለውን ቦታ ብቻ አርጥባችሁ ሌላውን ገላውን በጋቢ ጠቅልሉት። በረዶ አታድርጉ፤ የተጎዳውን ቆዳ ይብስ ይጎዳዋል። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የእንቁላል አስኳል፣ ዱቄት፣ ማር፣ ሁሉም ይቅር። ሐኪም ቤት ሲደርስ ቁስሉን ለማየት ያንን ሁሉ ፍቆ ማንሳት ግድ ነው፤ ያ ደግሞ ከቃጠሎው ይልቅ ያስለቅሳል።

ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። ከቀዘቀዘ በኋላ በንጹሕ ስስ ላስቲክ ሸፍኑት፤ እጅ ከሆነ አዲስ ፌስታል አልብሳችሁ አንጓው ላይ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ጥጥ ግን ይጣበቃል። ቃጠሎው ከራሱ ከተቃጠለው ሰው መዳፍ ከሰፋ፣ ፊት፣ እጅ፣ ብልት ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ወይም ከኤሌክትሪክ ምጣድ ገመድ የመጣ ከሆነ ቤት አይታከምም። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ከመንካታችሁ በፊት ቆጣሪውን አጥፉ።

ደም

መጀመሪያ ሰውየውን አስተኙት። እጃችሁ ላይ ጓንት ከሌለ ፌስታል አድርጉ። ንጹሕ ነጠላ አራት አምስት ጊዜ አጥፋችሁ ደሙ የሚወጣበት ነጥብ ላይ ብቻ በሁለት እጅ፣ ክርናችሁን ዘርግታችሁ፣ በሰውነታችሁ ክብደት ተጫኑት። 10 ደቂቃ በሰዓት ያዙ። በመሃል «ቆመ ይሆን?» ብሎ ገልጦ ማየት የረጋውን ደም ይነቅለዋልና እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ነጠላው ከራሰ ሌላ ጨርቅ ደርቡበትና የተጫናችሁት ትክክለኛው ቦታ መሆኑን አረጋግጡ። የተሰካ ብረት ወይም መስታወት ካለ አትንቀሉት፤ ዳርና ዳሩን ተጫኑ። የተፈጨ ቡና ቁስል ውስጥ ቆሻሻ ከመጨመር ሌላ ጥቅም የለውም።

ደሙ ከእጅ ወይም ከእግር እየተረጨ ከወጣና መጫን ካላቆመው ማሰር ይመጣል። ሲባጎ፣ ሽቦና የስልክ ገመድ ሥጋ ይቆርጣሉ እንጂ ደም ሥር አይዘጉም፤ ቀበቶም ብቻውን አይጠብቅም። ከነጠላው ዳር አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖረው አድርጋችሁ ቅደዱ። ከቁስሉ 5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ (ክርንና ጉልበት ላይ ሳይሆን) ሁለት ጊዜ ዙሩና አንድ ጊዜ ቋጥሩ። ቋጠሮው ላይ የእንጨት ማማሰያ አስቀምጡ፣ ደግማችሁ ቋጥሩበት፣ ከዚያ ማማሰያውን ደሙ ቀጥ እስኪል ድረስ አዙሩት። እንዳይፈታ ጫፉን በሌላ ጨርቅ ከእግሩ ጋር እሰሩት። ክፉኛ ያማል፤ ሰውየው ይጮሃል። አዝናችሁ አታላሉለት፤ የሚፈታው ሐኪም ነው።

ያሰራችሁበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ ወይም ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። እዚህ ላይ አንድ የአገራችን ጣጣ አለ፦ «8:20» ብቻ ብትጽፉ አንዱ ባለሙያ የቀኑን 8 ሰዓት ከ20 ሲያነብ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት ያደርገዋል። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው፤ የታሰረ እግር ደግሞ ከ2 ሰዓት በላይ ሲቆይ አደጋው ይጨምራል። «ከቀኑ 8:20» ብላችሁ ጻፉ።

ከባጃጅ አደጋ የወጣና አንገቱን ወይም ጀርባውን የሚያመው ሰው በሌላ ባጃጅ ታጥፎ አይጫን። እሳት ወይም መኪና ካላሰጋው ባለበት ተኝቶ አምቡላንስ ይጠብቅ፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ደግፎ ይያዝለት።

ከሰል

«ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል» ተብሎ መኝታ ቤት የሚገባው ከሰል ነው ሰው የሚገድለው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከፍሙም ይወጣል። የቤቱ ሰው በአንድ ጊዜ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከያዘው ጉንፋን አትበሉት። በርና መስኮት ከፍታችሁ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ። የሚያድነው ኦክስጅን ነው፤ ወተትም ሎሚም ደም ውስጥ የገባውን ጋዝ አያወጡም። ራሱን ለሳተ ሰው ወተት መጋት ደግሞ ሳንባውን ማጥለቅለቅ ነው። የነቃም ቢሆን ሆስፒታል ይሂድ፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ጭራሽ አታመንቱ።

ፋሲል መዋኛ

ጥር 11 ውሃው ተባርኮ ወጣቱ ሲዘል አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃል። የሚሰምጥ ሰው ስታዩ ዘላችሁ አትግቡ፤ ይዟችሁ ይወርዳል። ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን በገመድ አስራችሁ ወርውሩለት፤ ይንሳፈፋል። ጋቢም ከዳር ሆኖ ለመጎተት ያገለግላል።

ከወጣ በኋላ ካልመለሰና ካልተነፈሰ ዘቅዝቃችሁ አታንጠልጥሉት፣ ሆዱንም አትጫኑ፤ የሆዱ ውሃ ወጥቶ ወደ ሳንባው ይገባል። አልፎ አልፎ ማቃተት መተንፈስ አይደለም። በጀርባው አስተኝታችሁ አገጩን ቀና፣ አፍንጫውን ያዝ አድርጋችሁ ደረቱ እስኪነሳ 5 ጊዜ እፍ በሉበት። ከዚያ የደረቱን መሃል 5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እያስገባችሁ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ፍጥነት፣ 30 ጊዜ ተጫኑ፤ 2 ትንፋሽ፤ እንደገና 30። አጥንቱ ቀጭ ቢል አትደንግጡ፣ ቀጥሉ። በየ2 ደቂቃው ሌላ ሰው ይተካችሁ፤ የደከመ ክንድ በበቂ ጥልቀት አይጫንም።

በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የሚጥል በሽታ የተነሳበት ካለ ክብሪት አታሽትቱት፣ አፉ ውስጥም ማንኪያ አትክተቱ። ከራሱ ሥር ልብስ አድርጋችሁ ሰዓት ያዙ፤ መንቀጥቀጡ ሲያበቃ በጎኑ አስተኙት። 5 ደቂቃ ካለፈው ወይም ውሃ ውስጥ ሳለ ከተነሳበት አምቡላንስ ጥሩ።

የውሻ ንክሻ

ጭረት ብቻ ቢሆንም በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት። አትሰሩት፣ አታስሰፉትም። በዚያው ቀን ለክትባት ሂዱ። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ከክትባቱ ጋር አይጣላም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም። ውሻው ጤነኛ ቢመስል፣ የጎረቤት ቢሆን ወይም ሸሽቶ ቢጠፋም ለሐኪሙ እንደሆነው ንገሩት፤ ምን ያህል መርፌ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው እሱ ነው።