የዱር አበባን ሳይነቅሉ በጓሮ እንዴት ማብቀል ይቻላል?

ጫካ ውስጥ ያየነውን አበባ ከነሥሩ ነቅለን ብንወስደው ደስ ይለናል። ተክሉ ግን ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ረጅሙ ሥር ሲነቀል ይበጠሳል። ኦርኪድ ደግሞ ይብሳል፤ አፈሩ ውስጥ ካለ ፈንገስ ጋር ተቆራኝቶ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ተክሉን ተዉት፣ ዘሩን ውሰዱ።

መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። ጥብቅ ሥፍራ ከሆነ ቅጠል መቁረጥም ሊከለከል ይችላል። ድንበር ማሻገር ካሰባችሁ ሌላ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተፈረመው ሳይተስ የተባለው ስምምነት የኦርኪድ ዝርያዎችን በሙሉ፣ ካክተስንም ከሞላ ጎደል በሙሉ ይቆጣጠራል።

ቀጥሎ ዙሪያውን ዞር ዞር ብላችሁ ቁጠሩ። ያገኛችሁት ጥቂት ብቻ ከሆነ ፎቶ አንስታችሁ ተመለሱ። ፎቶውን ስትለጥፉ ቦታውን አትናገሩ፤ ነቅለው የሚሸጡ ሰዎችም ያዩታል።

ብዙ ካለ የበሰለውን ዘር ልቀሙ። ፍሬው ደርቆ ቡናማ ሲሆን፣ ስትነቀንቁትም ሲንኳኳ ብዙውን ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። ለዘር ባንክ የሚለቅሙ ባለሙያዎች በዕለቱ ከደረሰው ዘር ከ20 በመቶ በላይ አይወስዱም። ለአንድ ጓሮ ይሄም ይበዛል፣ ቁንጥር ይበቃል። ግን ከአንዱ ተክል ብቻ አትልቀሙ። ከብዙዎቹ ትንሽ ትንሽ ስትወስዱ ዘሩ የተለያየ ባሕርይ ይይዛል፣ አንዱም አይራቆትም።

ዘሩን በወረቀት ከረጢት ያዙ። ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ያሻግተዋል። ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን እዚያው ጻፉበት፤ ቤት ስደርስ እጽፈዋለሁ ያለ ሰው ይረሳል። ጥላ ላይ አድርቁት። እንደ አቮካዶ ያለ ትልቅና እርጥብ ዘር ግን ከደረቀ ይሞታል፣ ቶሎ ዝሩት።

እንዲህ የተለቀመ ዘር አንድ ዝርያ አትርፏል። በአሜሪካ ጆርጂያ የዕፅዋት ተመራማሪው ጆን ባርትራምና ልጁ ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1765 ያገኙት ፍራንክሊኒያ የተባለ ዛፍ በዱር ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1803 ነው። ዛሬ ያለው በአትክልት ቦታ ብቻ ነው፣ ዊልያም ለቅሞ ከወሰደው ዘር የመጣ።

ከሱቅ ስትገዙ «ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ በችግኝ ጣቢያ መፈላቱን መናገር ካልቻለ አትግዙ።

ጓሮ ያደገውን ተክል ግን በራሳችሁ ወስዳችሁ ጫካ አትትከሉ። ከአፈሩ ጋር በሽታ ሊሄድ ይችላል። ከሌላ ቦታ የመጣ ከሆነም ከዱሩ ጋር ሊዳቀል ይችላል። ዘሩ ከተረፋችሁ በአካባቢያችሁ ላለ የዕፅዋት ማዕከል ከነማስታወሻው ስጡ። ያለ ቀንና ቦታ ግን ብዙም አይጠቅማቸውም።