ስላይዱን በቴሌግራም ከመልቀቅዎ በፊት

ለኮሌጅ መምህራን፦ የፓወርፖይንት ፋይል 60 ሜጋባይት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በጽሑፉ ብዛት አይደለም፤ በስልክ ተነሥተው እንዳሉ በገቡ ፎቶዎች ነው። በሞባይል ዳታ የሚያወርደው ተማሪ ደግሞ እያንዳንዱን ሜጋባይት ከኪሱ ይከፍልበታል።

ማሳነሱ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። መጀመሪያ ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ ያድርጉና ቅጂው ላይ ይሥሩ፤ አንዴ የተቀነሰ ጥራት አይመለስም። ማንኛውንም ፎቶ ሲነኩ ከላይ «ፒክቸር ፎርማት» ይመጣል፤ እዚያ ውስጥ «ኮምፕረስ ፒክቸርስ» የሚለውን ይጫኑ። «አፕላይ ኦንሊ ቱ ዚስ ፒክቸር» ላይ ያለውን ምልክት ያጥፉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ምልክቱ ካልጠፋ የሚቀንሰው ያንኑ አንዱን ፎቶ ብቻ ነው። ከዚያ 150 ፒፒአይ (የፎቶ ጥራት መለኪያ ነው) ይምረጡ፤ ለስልክም ለፕሮጀክተርም ይበቃል። 96 ካደረጉት ግን የሰርኪዩት ሥዕልና ካርታ ላይ ያሉ ደቃቅ ፊደሎች ይደበዝዛሉ።

«ዲሊት ክሮፕድ ኤሪያስ» ላይ ምልክት መኖሩን አደራ ይመልከቱ። በክሮፕ የተቆረጠ ክፍል ከዓይን ይሰወራል እንጂ ከፋይሉ አይወጣም። የውጤት ሰንጠረዥ ፎቶ ለጥፈው የስም ዝርዝሩን ቆርጠውት ከሆነ፣ ፋይሉ የደረሰው ተማሪ ክሮፑን መልሶ ሲከፍተው ስሙ ከነውጤቱ ይታያል። ከኤክሴል ግራፍ ሲያመጡም ፔስት ሲያደርጉ «ፒክቸር» የሚለውን ይምረጡ፤ «ኢምቤድ» ካሉት ከግራፉ ጀርባ መላው የማርክ መዝገብ አብሮ ይሄዳል።